«ድናለች» ብዬ ያሰናበትኳት ልጅ

 

በዚህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የምጽፍላችሁ እናንተ ማድረግ ስለሚገባችሁ ነገር ነው። ዛሬ ግን እኔ ማድረግ ሲገባኝ ሳላደርገው ስለቀረሁት ነገር ልንገራችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል። በተለይ ልጃችሁ ካንሰር ታክሞ የዳነላችሁ ወላጆች፣ ራሳችሁም ታክማችሁ የዳናችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ከብዙ ዓመት በፊት ነው። ገና የሕፃናት ሕክምና ሬዚደንት ሳለሁ አንዲት እናት የ10 ዓመት ልጇን ይዛ ከክፍለ ሀገር መጣች። የልጅቷ አንገት ላይ ንፍፊት አብጧል። እዚያው አካባቢያቸው «ቲቢ ነው» ተብሎ ለወራት መድኃኒት ወስዳለች፤ እብጠቱ ግን አልጠፋም። ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ሆጅኪን ሊምፎማ የሚባለው የንፍፊት ካንሰር ሆኖ ተገኘ።

ሆጅኪን በሕክምና በደንብ ከሚድኑት ካንሰሮች አንዱ ነው። ኬሞቴራፒ ጀመርንላት። በየ15 ቀኑ፣ ለ6 ወር፣ በድምሩ 12 ጊዜ። ከሚሰጧት 4 መድኃኒቶች አንዱ ቀይ ነው፤ ዶክሶሩቢሲን ይባላል። ልጆቹ «ቀዩ» ይሉታል። መድኃኒቱን የወሰዱ ቀን ሽንታቸው ስለሚቀላ የመጀመሪያ ጊዜ ደም መስሏቸው ያለቅሳሉ። ይቺ ልጅ ግን አላለቀሰችም። «እማዬ፣ ቀዩ ሠራ ማለት ነው» ብላ እናቷን እንዳጽናናቻት አስታውሳለሁ። እናትየዋ ላሟን ሸጣ ነበር የመጣችው። አንድም ቀጠሮ አላሳለፈችም።

ዕጢው ጠፋ። ከዚያ በኋላ 2 ዓመት ተከታተልናት፤ አልተመለሰም። በመጨረሻው ቀጠሮ ቀን ደስ ብሎኝ እንዲህ አልኳት፦ «እናት፣ ልጅዎ ድናለች። ከእንግዲህ ሆስፒታል አያስፈልጋትም። ይሄን ነገር እርሱት፤ በሰላም ያሳድጓት።» እልል አለች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ይዤ አነሳኋት። ያን ቀን ማታ ቤቴ የገባሁት ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው ኮርቼ ነው።

ከ11 ዓመት በኋላ ያቺ እናት የቢሮዬን በር አንኳኳች። ፀጉሯ ሸብቷል። «ዶክተርዬ፣ አላወቁኝም? የዚያች የንፍፊቷ ልጅ እናት ነኝ» አለችኝ።

ልጅቷ 24 ዓመቷ ነው። አግብታለች፤ የ7 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለ2 ወር ያህል ትንፋሽ ሲያጥራት ቆይቷል። ማታ ጋደም ስትል ሳል እያፈናት ተቀምጣ ታድራለች። እግሮቿ አብጠዋል። መጀመሪያ «እርግዝና ነው፣ ይለፍሻል» ተባለች። ቀጥሎ «አስም ነው» ተብሎ የሚሳብ መድኃኒት ተሰጣት። ከዚያ «የሳንባ ምች ነው» ተባለ። አሁን በሪፈር መጥታ እኔ የምሠራበት ግቢ ውስጥ ኦክስጅን ላይ ናት።

ያዩዋትን ሐኪሞች አልወቅስም። የሚጠየቀውን ጠይቀዋታል፤ «ከዚህ በፊት የታወቀ ሕመም ነበረብሽ?» ብለዋታል። እሷም የምታውቀውን ነው የመለሰችው፤ «የለብኝም። ልጅ ሆኜ ብቻ የንፍፊት ቲቢ ታክሜያለሁ።» ካንሰር እንደነበረባት ማንም ነግሯት አያውቅም። እናትየዋ ለልጅቷም፣ ለጎረቤትም፣ ለአማቾቿም አልተናገረችም። ወረቀቱን ሁሉ ልጅቷ በታጨች ሰሞን ምድጃ ውስጥ ጨምራዋለች። «ለምን?» ብዬ ስጠይቃት ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «እርስዎ እርሱት ብለውኝ የለም እንዴ ዶክተር?» አለችኝ።

የምመልሰው ነገር አልነበረኝም። ወደ ማዋለጃው ክፍል እየሮጥኩ ሄጄ ለሐኪሞቹ ነገርኳቸው። የልብ አልትራሳውንድ (ኢኮ) ወዲያው ተነሣች። ጤናማ ልብ በአንድ ምት ውስጡ ካለው ደም 55% እና ከዚያ በላይ ይገፋል። የእሷ ልብ የሚገፋው 30% ብቻ ነበር። አስምም የሳንባ ምችም አልነበረም፤ ልቧ ደክሞ ነበር።

አሁን ቀለል ያለ ሒሳብ ላሳያችሁ። በእያንዳንዱ ዙር የምትወስደው ዶክሶሩቢሲን በአንድ ሜትር ካሬ የሰውነት ስፋት 25 ሚሊግራም ነው። 12 ጊዜ ሲሆን 300 ይሆናል። የዚህ መድኃኒት ጠቅላላ ድምር 250 እና ከዚያ በላይ ከደረሰ ሰውየው ለልብ ድካም ከፍተኛ ስጋት ካላቸው ሰዎች ይመደባል፤ ዕድሜውን ሙሉ ልቡ መታየት አለበት። በእርግዝና ጊዜ ደግሞ በሰውነት ውስጥ የሚዘዋወረው ደም ወደ ግማሽ ገደማ ስለሚጨምር ልብ ሥራ ይበዛበታል። እስከዚያ ድረስ ችሎ የቆየ ልብ ያኔ ይዝላል። ሒሳቡ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ግን ወረቀት የለም፣ የሚያውቅም የለም። ማን ያስላው?

ዳነ ስንል ምን ማለታችን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ ቦስተን ዶ/ር ሲድኒ ፋርበር የደም ካንሰር ያለባቸው ሕፃናት ለጊዜው እንኳ ሊያገግሙ እንደሚችሉ በመድኃኒት አሳዩ። ያን ጊዜ ለጥቂት ወራት ማቆየት እንደ ተአምር ይታይ ነበር። ዛሬ በበለጸጉ ሀገራት ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80% በላይ ይድናሉ። በብዙ ድሃ ሀገራት ግን የሚድኑት ከ30% በታች ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ለመለወጥ እ.ኤ.አ. በ2018 በጀመረው ዘመቻ በ2030 ቢያንስ 60% እንዲድኑ ግብ አስቀምጧል።

እኛ ሐኪሞች ለረጅም ጊዜ ትኩረታችን ልጁን ከሞት ማትረፍ ላይ ብቻ ነበር። ከ20 እና ከ30 ዓመት በኋላ እንዴት ይኖራል ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ጠይቀው የተከታተሉ ሰዎች ግን ትልቅ ነገር አገኙ። በሰሜን አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1970 እስከ 1986 ባለው ጊዜ በልጅነታቸው ታክመው የዳኑ ከ10,000 በላይ ሰዎች ተጠንተው ውጤቱ በ2006 ታትሟል። አማካይ ዕድሜያቸው ገና 27 ዓመት ገደማ ነበር። ከእነዚህ 62% ቢያንስ አንድ ሥር የሰደደ የጤና ችግር ነበረባቸው። ከሩብ በላይ በሚሆኑት ላይ ደግሞ ችግሩ ከባድ ነበር።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ይህን አንብባችሁ «እንግዲያው ልጄን ኬሞ አላስጀምርም» የምትሉ እንዳትኖሩ። ያቺ ልጅ ያን መድኃኒት ባትወስድ ኖሮ 11 ዓመቷን አታከብርም ነበር። ደግሞም ሕክምናው ከጊዜ ወደ ጊዜ እየተሻሻለ ነው። ለምሳሌ ዛሬ በደም ካንሰር የታመሙ አብዛኞቹ ልጆች እንደ ድሮው ጭንቅላታቸው ላይ ጨረር አይደረግላቸውም። በዚያው የሰሜን አሜሪካ ጥናት ካንሰሩ ከተገኘ 5 ዓመት ካለፋቸው ልጆች መካከል የ15 ዓመቱ የሞት መጠን በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከታከሙት 12.4% ሲሆን፣ በ1990ዎቹ ከታከሙት 6.0% ነው። በግማሽ ቀንሷል ማለት ነው። ሕክምናውን አትፍሩ። የምለምናችሁ ሕክምናው ምን እንደነበር እንዳትረሱ ነው።

ልጃችሁ የወሰደው የትኛውን ነው?

የሚቀረው ምልክት እንደ ሕክምናው ዓይነት ይለያያል። ሁሉም ሰው ላይ ይከሰታል ማለት አይደለም። የት ቦታ መታየት እንዳለበት ለማወቅ ግን ይጠቅማል።

ቀዩ መድኃኒት (ዶክሶሩቢሲን) እና ዘመዱ ዳውኖሩቢሲን ልብን ይመለከታሉ። ድካሙ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊመጣ ይችላል። የልብ አልትራሳውንድ በየስንት ጊዜው እንደሚያስፈልግ በጠቅላላ መጠኑ ይወሰናል። ልጅቷ ስታድግ ከማርገዟ በፊት፣ ካረገዘችም ቶሎ ልቧ መታየት አለበት።

ብሊዮማይሲን ሳንባን ይመለከታል። ከዓመታት በኋላም ቢሆን ለቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ለሰመመን ሰጪው መናገር አለበት። ሲጋራ ደግሞ ፈጽሞ ክልክል ነው።

ሲስፕላቲን ጆሮንና ኩላሊትን ይነካል። መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ነው፤ ልጁ ቃሉን ይሰማል፣ ግን «ሰ»ን እና «ፈ»ን መለየት ያቅተዋል። «ሰነፍ ሆነ፣ ትምህርት አይገባውም» ተብሎ ወደ እኔ የመጣ ልጅ አውቃለሁ። ጆሮው ሲመረመር በደንብ አይሰማም ነበር። ከፊት ወንበር ተቀምጦ የመስሚያ መሣሪያ ሲደረግለት ለውጡን መምህሩ ራሱ ነው የነገረኝ።

ሳይክሎፎስፋማይድና ኢፎስፋማይድ በብዛት ሲሰጡ መውለድን ሊያስቸግሩ ይችላሉ። ይህን ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት ጠይቁ፤ ነውር የለውም። ከታከሙት ብዙዎቹ ወልደው ስመዋል። ሕክምናው ተወላጁ ላይ የአካል ጉድለት ያመጣል የሚለው ፍርሃትም በጥናት አልተደገፈም።

ጨረር ጉዳቱ በተሰጠበት ቦታ ላይ ነው። አንገት ላይ ከሆነ የታይሮይድ ዕጢን ይመለከታል፤ በየዓመቱ ይታያል። ጭንቅላት ላይ ከሆነ ቁመትን፣ ጉርምስናን፣ ትምህርትን ይመለከታል። በልጅነቷ ደረቷ ላይ ጨረር የተደረገላት ሴት የጡት ካንሰር ምርመራ መጀመር ያለባት እንደ ሌላው ሴት በ40 እና በ50 ዓመቷ አይደለም። በ25 ዓመቷ ወይም ጨረሩ ከተደረገ ከ8 ዓመት በኋላ፣ ከሁለቱ ዘግይቶ በሚመጣው ጊዜ ነው።

ቀዶ ሕክምናም ክትትል አለው። በኩላሊት ካንሰር አንድ ኩላሊቱ የወጣለት ልጅ በቀረው በደንብ ይኖራል፤ ግን የደም ግፊቱና ሽንቱ በየዓመቱ ይታይ። ከመድኃኒት ቤት ያለ ትእዛዝ የሚገዙ እንደ ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችን ሐኪም ሳይጠይቅ አይውሰድ። ጣፊያው የወጣለት ሰው ትኩሳት ሲይዘው «ያልፋል» ብሎ ማደር የለበትም፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ይሂድ። በዘር በሚተላለፈው የዓይን ካንሰር (ሬቲኖብላስቶማ) የታከመ ሰው ልጅ ሲወልድ የሕፃኑ ዓይን ከተወለደ ጀምሮ መመርመር አለበት።

አዋቂ ታካሚዎች፣ እናንተንም አልረሳሁም። ለጡት ካንሰር የታከማችሁ እናቶችና እህቶች ቀዩን መድኃኒት ብዙዎቻችሁ ወስዳችኋል፤ ስለ ልብ የጻፍኩት እናንተንም ይመለከታል። ከብብት ሥር ንፍፊት የወጣላችሁ ክንዳችሁ ማበጥ ከጀመረ ቶሎ ታዩ፤ በጊዜው ከተያዘ ይቀላል። ሲኤምኤል በሚባለው የደም ካንሰር ግሊቬክ የምትወስዱም አላችሁ። በዋናው ጥናት ይህን መድኃኒት ከጀመሩት 83% ያህሉ ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ «ተሽሎኛል» ብላችሁ በራሳችሁ ፈቃድ አታቁሙት። ለማርገዝ ካሰባችሁም አስቀድማችሁ ሐኪማችሁን አማክሩ።

አንድ ወረቀት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከዚህ ሁሉ አንዱንም በቃላችሁ እንድትይዙት አልጠብቅም። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ሕክምናው ሲያልቅ ከሐኪማችሁ ጠይቁ። ካለቀ ቆይቶ ከሆነም ወደታከማችሁበት ሄዳችሁ ጠይቁ፤ ፋይል ሳይጠፋ ነገ ዛሬ አትበሉ። በወረቀቱ ላይ የሚከተሉት ይኑሩ፦

1. የካንሰሩ ዓይነት፣ የተገኘበትና ሕክምናው ያለቀበት ቀን።
2. የወሰዳቸው መድኃኒቶች ስም፣ በተለይ የቀዩ መድኃኒት ጠቅላላ መጠን።
3. ጨረር ከነበረ የት ቦታ እና ምን ያህል።
4. ቀዶ ሕክምና ከነበረ ምን እንደወጣ።
5. ደም ወስዶ ከሆነ፣ በሕክምናው ጊዜም የገጠመው ከባድ ችግር።
6. ወደፊት ምን ምርመራ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚያስፈልግ።

ዋናውን ከልደት ካርዱ ጋር አስቀምጡት። ፎቶ አንሥታችሁ በስልካችሁም በቴሌግራማችሁም ይኑር። ስልክ ይጠፋል፤ ስለዚህ ለአባትም ለታላቅ ወንድምም ላኩላቸው።

ሁለተኛው ነገር ከወረቀቱ ይከብዳል። ለልጁ ንገሩት። «ልጅ ነው አይገባውም»፣ «ስሙ ይጠፋል»፣ «ማን ያገባታል» እያልን እንደምንደብቅ አውቃለሁ። የምታደርጉት ከፍቅር መሆኑንም አውቃለሁ። ግን ልጁ አድጎ ብቻውን ሐኪም ቤት በሚሄድበት ቀን እናንተ አጠገቡ ላትኖሩ ትችላላችሁ። ትንሽ ሲሆን «ደምህ ታሞ ነበር፣ በመድኃኒት ድነሃል» ይበቃዋል። 12 እና 13 ዓመት ሲሆነው የበሽታውን ስም ይወቅ። 18 ሲሞላው ወረቀቱ በእጁ ይግባ። ይህችን አንድ ዐረፍተ ነገር አስጠኑት፦ «በልጅነቴ ካንሰር ታክሜ ድኛለሁ፤ የወሰድኩት መድኃኒት ይኸውና።» ማንኛውም ሐኪም ይህን ከሰማ አስተሳሰቡ ይቀየራል።

ለማን መናገር እንዳለበት መምረጥ የልጁ መብት ነው። ለሰፈር መለፈፍ አያስፈልግም። ለሐኪሙ ግን መናገር አለበት።

በተረፈ የሚመከረው ለሁሉም የሚመከረው ነው፤ ሲጋራ አለማጨስ፣ እንቅስቃሴ፣ የደም ግፊትን መለካት፣ ለሴት ልጆች በትምህርት ቤት የሚሰጠውን የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት አለማሳለፍ። አዲስ እብጠት፣ ሲተኙ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር ማበጥ፣ የልብ መምታት ስሜት፣ ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካለ ቀጠሮ አትጠብቁ።

ልጅቷስ?

ብዙዎቻችሁ ይህን እንደምትጠይቁ አውቃለሁ።

የልብ ሐኪሞቹና የማኅፀን ሐኪሞቹ አብረው ተቀምጠው አቀዱላት። የልብ መድኃኒት ጀመረች፤ ውኃው ከሰውነቷ ወጣ፤ ጋደም ብላ መተኛት ቻለች። በ34ኛው ሳምንት በቀዶ ሕክምና ወለደች። ሕፃኑ ትንሽ ነበር፤ ከእናቱ ደረት ጋር ታቅፎ ሰንብቶ አደገ። እሷ ዛሬም በየቀኑ 3 ዓይነት ክኒን ትወስዳለች። ከዓመት በኋላ ልቧ 42% ደርሷል። የልብ ሐኪሟ ሌላ እርግዝና እንደማይመክሯት ነግረዋታል።

ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት እናቷ ባለችበት ሁሉንም ነገርኳት። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ «ይሄንን ስንት ሰው ያውቅ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እናትሽና እኔ» አልኳት።

«ታዲያ እኔ ሳላውቅ?»

እናቷ አለቀሰች። እኔ ይቅርታ ጠየቅኳት። «እርሱት» ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እናቷ እንዳላጠፋች ነገርኳት። ከዚያ የድሮውን የኬሞቴራፒ መዝገብ ፈልጌ አገኘሁና አንድ ገጽ ጻፍኩላት። ስልኳን አውጥታ ፎቶ አነሣችው፤ ወረቀቱን አጥፋ የሕፃኑ የክትባት ካርድ ውስጥ አስገባችው።

ከዚያ ወዲህ ሕክምናውን የጨረሰ ልጅ ሳሰናብት «እርሱት» አልልም። እናቶች እልል ሲሉ አብሬ እደሰታለሁ፤ ወረቀቱን ሰጥቼ ግን የሚቀጥለውን ቀጠሮ እጽፍላቸዋለሁ።

እናንተም ዛሬ አንድ ነገር አድርጉ። ወረቀቱ ካላችሁ የት እንዳለ አረጋግጡ፤ ከሌላችሁ በዚህ ሳምንት ጠይቁ። ጥያቄ ካላችሁ በኮሜንት ጻፉልኝ፣ በተቻለኝ እመልሳለሁ። የሕክምና ወረቀታችሁን ፎቶ ግን በኮሜንት አትለጥፉ። ይህ ጽሑፍ የሚጠቅመው ወላጅ የምታውቁ ከሆነ ላኩለት። የልጃችሁን ሁኔታ የሚያውቀው የሚከታተለው ሐኪሙ ነውና ምርመራውን ከእሱ ጋር ተነጋግራችሁ ወስኑ።

መልካም ጤና ለሁላችሁም።